በኅዳር ያበበው ቡና

ልቦለዴን ጽፌ፣ ፎቶ ኮፒ አስደርጌና አስጠርዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያስነበብኩት እዚሁ ጅማ፣ መንደራ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና በምንጠጣበት ቤት ነው። ታሪኩ የሚሆነው በ1970 ዓ.ም.፣ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የቡና መንደር ውስጥ ነው። ባለታሪኬ ወጣት ሴት ናት። የሞተች አያቷ በየማለዳው ከጓሮው ቡና ሥር ሆና ታናግራታለች፤ ትመክራታለች፣ ትቆጣታለች፣ አንዳንድ ጊዜም ታንጎራጉርላታለች። ጥራዙን ስሰጥ የፈራሁት ይህንን ነበር። "ሙት ደግሞ መቼ ተናግሮ ያውቃል?" ብለው ይመልሱልኛል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ከረመ።

ስለ አያቷ ማንም ምንም አላለም። ዕድሜውን በሙሉ ቡና ውስጥ የኖረው አጎቴ አቦሉን ጠጥቶ ሲኒውን አስቀመጠና ጥራዙን ገለጠ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። "የኅዳር ነፋስ የቡናውን አበባ ሽታ እስከ ደጃፏ አመጣላት" ይላል መስመሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"በኅዳር ቡና ያብባል? በኅዳር እኮ ሰው ቅርጫቱን አንግቶ ቀይ እሸት እየለቀመ ነው።"

ልክ ነው። እዚህ አካባቢ ቡና የሚያብበው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። እንቡጡ በጋውን ተኝቶ ይከርምና የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲያገኘው ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ውስጥ ይፈነዳል። ነጭ ነው፤ ሽታው ጠንበለልን ያስታውሳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ከዚያ ፍሬው ሊቀላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጅበታል። ይህን ጅማ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ በዓይኑ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ስጽፍ ግን ትዕይንቱ መዓዛ ፈለገብኝና ወቅቱን ሳላስብ አበባውን አመጣሁት።

እኔን የደነቀኝ ስህተቱ አልነበረም። የሞተች ሴት ዛፍ ሥር ሆና ስታወራ በጸጥታ ያለፈ ሰው አበባው ላይ ሲደርስ ማቆሙ ነው። ለብዙ ቀን አሰላሰልኩት። ልጆች ሆነን "ተረት ተረት" ሲሉን "የላም በረት" ብለን እንመልስ ነበር። ያቺ መልስ ውል ናት። ከዚያ በኋላ ጦጣና አንበሳ ተቀምጠው ቢማከሩ ማናችንም አንቃወምም። ተራኪዋ ግን አንበሳው ሲርበው ወጥቶ ሣር ጋጠ ብትል ሁላችንም አንድ ላይ እንጮህ ነበር። አንበሳ እንዲናገር ፈቅደናል፤ አንበሳነቱን እንዲተው አልፈቀድንም። አያቷን በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ስላስገባኋት አንባቢው ውሉን ፈርሞ ነው የገባው። ስለ አበባው ግን የተዋዋልነው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ለምትጽፉ ሁሉ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፤ ትልቁን ፈጠራችሁን አትደብቁት፣ አታዘግዩትም። ሙት የሚናገርበት፣ ወንዝ ወደ ኋላ የሚፈስበት ታሪክ ከሆነ በር ላይ ይታወቅ። መቶ ገጽ እውነተኛ መስሎ የሄደ ታሪክ መቶ አንደኛው ላይ ሙት ቢያናግር አንባቢው የተታለለ ይመስለዋል፤ መከፋቱም አግባብ ነው።

አበባውን መጀመሪያ ሰርዤው ነበር። ሳወጣው ትዕይንቱ ሞተ፤ ልጅቷ ደጃፏ ላይ ቆማ የምታሸተው ነገር አጣች። እንደገና አጎቴ ዘንድ ሄድኩና "በኅዳር ጨርሶ አያብብም?" ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ አሰበ። "ያለ ወቅቱ ዝናብ ከጣለ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቅርንጫፍ ያብባል። ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም። ፍሬው አንድ ላይ አይደርስም፤ ለቀማውን ያዘባርቃል" አለኝ። በዚያ ምሽት ትዕይንቱን አዲስ አድርጌ ጻፍኩት። ልጅቷ በኅዳር የቡና አበባ ይሸታታል፤ አላምን ብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ቀይ እሸት የተሸከመ አንድ ዛፍ ላይ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ነጭ ለብሳ ታገኛለች። አባቷን ጠርታ ታሳየዋለች። አባትየው ቅርንጫፏን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆሞ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ለቀማው ይመለሳል። ከበፊቱ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ትዕይንት ሆነ። ከተለመደው የወጣ ነገር ስታስገቡ ከአንባቢው በፊት ታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ይየው፤ ይገረምበት፤ ይጨነቅበት። ያኔ አንባቢው ጸሐፊዋ እንደምታውቅ ያውቃል።

ሁለተኛው ያረመኝ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጋሼ እንለዋለን። እስክሪብቶ ይዞ ነው ያነበበው። ባለታሪኬ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ከሰኮሩ አልፋ ወደ አሰንዳቦ ስትቃረብ በመስኮት አሻግራ ሰፊ ውኃ ታያለች፤ የማለዳ ጭጋግ ውኃው ላይ ተኝቷል፤ እሷ ደግሞ እናቷን ታስባለች። በጣም የምወደው አንቀጽ ነበር። ጋሼ ከጎኑ አንድ ቃል ጽፏል፤ "የት?"

"ልጄ፣ እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ያኔ እዚያ ውኃ አልነበረም" አለኝ።

ያ ውኃ የግልገል ጊቤ ግድብ ያጠራቀመው ነው። ግድቡ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። እኔ መንገዱን ማስተዋል ከጀመርኩ ጀምሮ ውኃው እዚያው ስለነበር እንደ ተራራና እንደ ሰማይ ቆጥሬዋለሁ። አንድን ዘመን የምትጽፉ ሰዎች ከዚህ ተጠንቀቁ። የማታውቁትን ነገር ትጠይቃላችሁ፤ አደጋው ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስላያችሁት ልትጠይቁ የማታስቡት ነገር ላይ ነው። አሁን አንድ ትዕይንት ስጨርስ በውስጡ ያለውን የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ፣ ድልድይ፣ አስፋልት፣ የመብራት ምሰሶ፣ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ "አንተ መቼ መጣህ?" እላለሁ።

ጋሼን በውኃው ቦታ ምን እንደነበር ጠየቅሁት። ሜዳ፣ እርሻ፣ ከብት፣ አለኝ። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ መንገዱን በቃሉ ነዳልኝ፤ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የጊቤ ቁልቁለት፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። አዲሱ አንቀጽ ላይ ልጅቷ የምታየው በሜዳው የተበተኑ ከብቶችና ከኋላቸው የሚሮጥ አንድ እረኛ ነው። ስለሚመጣው ውኃ አንድም ቃል አልጻፍኩም። መንገዱን የሚያውቅ አንባቢ ግን ያን ሜዳ ሲያነብ ዛሬ በላዩ ያለውን ውኃ እያየ ነው የሚያነበው፤ እረኛው ይበልጥ ያሳዝነዋል። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ እርማቱ ነው የሰጠኝ።

የቀን ነገር ሌላው ነው። አንዱን ምዕራፍ "ጥቅምት 12 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሐሙስ" ብዬ ጀመርኩ፤ ባለታሪኬ ሂርማታ የሐሙስ ገበያ እንድትወጣ ስለፈለግሁ። ጎረቤታችን እትዬ ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዳች "ጥቅምት 12 እኮ ሚካኤል ነው" አለችኝ። "የዚያን ዓመት የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው የበኩር ልጄን የተገላገልኩት። ቅዳሜ ነበር።" ቤት ገብቼ በባሕረ ሐሳብ አሰላሁት። ስሌቱን ብዙ ሰው የሚፈራው ያለ ነገር ነው፤ ለጸሐፊ የሚበቃው ግን አጭር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ያ ዓመተ ዓለም ይባላል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሉ፤ ትርፉን ትታችሁ የደረሰውን መልሳችሁ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሩት። ድምሩን ለ7 ግደፉት፤ ለ7 አካፍላችሁ ትርፉን ብቻ ያዙ ማለት ነው። 1 ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ለ1970 ስንሠራው 7470 ሲደመር 1867፣ 9337 ይሆናል፤ ለ7 ሲገደፍ 6 ይተርፋል። መስከረም 1 እሑድ ዋለ ማለት ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የየወሩ መባቻ ከበፊቱ ወር ሁለት ቀን ይራመዳል፤ ስለዚህ ጥቅምት 1 ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቅዳሜ። እትዬ ያለ ወረቀት ያወቀችው ነው። ምዕራፉን ወደ ጥቅምት 10 መለስኩት፤ ዕለቱ ሐሙስ ነው።

ቀን ካልጻፋችሁ ማንም አይይዛችሁም። ከጻፋችሁ ግን ያ ቀን የአንድ ሰው የልደት፣ የሠርግ ወይም የሐዘን ቀን ነው፤ ባለቤት አለው።

ከእርማቶቹ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ የሐጂ ነው። ሐጂ ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የልጅ ልጃቸው ናት ያነበበችላቸው። ባለታሪኬ ሙስሊም ናት። የረመዳን ሦስተኛ ሌሊት ላይ ጓሮ ወጥታ በሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከአያቷ ጋር ስታወራ ጽፌ ነበር። አስጠርተውኝ ሄድኩ።

"ረመዳን በምን ይገባል?" አሉኝ።

"ጨረቃ ታይታ።"

"ምን ያህል ጨረቃ?"

በጣቴ ቀጭን ቅስት ሠራሁ። ሐጂ ፈገግ አሉና "እና በሦስተኛው ቀን ሞልታ አገኘሻት?" አሉኝ። የሦስተኛ ሌሊት ጨረቃ እንደ ቁራጭ ጥፍር ናት፤ ተራዊህ፣ የረመዳን የሌሊት ሶላት፣ ሳያልቅ ትጠልቃለች። ሙሉ የምትሆነው በ14ኛውና በ15ኛው ሌሊት ላይ ነው፤ ያኔ ፀሐይ ስትጠልቅ እሷ ትወጣለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እየዘገየች ነው የምትወጣው። ይህን ማወቅ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ባለታሪካችሁ በወሩ በ20ኛው ሌሊት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ከጠፋች በጨለማ ነው የምትሄደው፤ ጨረቃ የምትደርስላት በኋላ ነው።

ሐጂ በዚህ አላበቁም። "ደግሞ በቡና ለቀማ ሰሞን ረመዳንን ከየት አመጣሽው?" አሉኝ። የሂጅራ ዓመት ከእኛ ዓመት ዐሥር ዐሥራ አንድ ቀን ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። በ1970 ዓ.ም. የገባው በሐምሌ መጨረሻ ነው፤ የተጾመው በነሐሴ፣ በክረምቱ እምብርት። ያን ጊዜ ጨረቃ ብትሞላም የጅማ ደመና ጥቂት ሌሊት ቢያሳያት ነው። እኔ ደግሞ ለቀማውን፣ ጾሙንና ጨረቃውን አንድ ሳምንት ውስጥ አጭቄ ነበር።

ጅማ ላይ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይኖራል። የሚካኤልና የማርያም ቀን የሚቆጥሩ አሉ፤ ጨረቃ የሚጠብቁ አሉ፤ ቡናው ደግሞ ዝናቡን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸውና ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ታሪኩ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ነው የሚሄደው፤ ዐሥራ አንድ መስመር ነው የሆነው። ሌላ የጥናት ማስታወሻ ሁሉ ቢጠፋብኝ ይቺን ወረቀት ግን አልሰጥም።

ከዚህ በኋላ ግን ወደ ሌላ ጥግ ሄድኩ። እንዳልያዝ ስል ሁሉን ነገር እየጠየቅሁ ያገኘሁትን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ልጅቷ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የሚደርቀውን ቡና፣ የምታሰጣበት አንድ ገጽ ሦስት ገጽ ሆነ፤ ሰሌኑ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ በቀን ስንቴ እንደሚገላበጥ፣ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ እንደሚነሳ። አስተማሪ የሆነች ጓደኛዬ አንብባ ስትጨርስ "ሁሉም ልክ ነው። ልጅቷ ግን የት ሄደች?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስህተት ፍለጋ የሚያነብ ሰው አንድም የሚነቅፈው ነገር አያገኝም፤ ለማንበብ የሚያነብ ሰውም አንድም የሚይዘው ነገር አያገኝም። ወራት ፈጅቶብኛልና በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ዕውቀት መስሎኝ የጻፍኩት ፍርሃት ነበር።

አጎቴ ጀንፈል ሲያነሳ ለማየት ሄድኩ። መለኪያ የለውም። ከሰሌኑ ላይ እፍኝ አነሳ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ ነቀነቀው። ከዚያ መልሶ በተነው። "ገና ነው፤ አይንኮሻኮሽም" አለ። በደንብ የደረቀ ጀንፈል ውስጥ ፍሬው ከቅርፊቱ ስለሚላቀቅ ሲነቀነቅ ይሰማል። ሦስቱን ገጽ ቀድጄ "እፍኝ አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው። ገና ነው" ብዬ ተካሁት። አጎቴ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ምንም አላለም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከአንዲት ትክክለኛ የእጅ እንቅስቃሴ ቀሪውን ሁሉ እንደምታውቂ ይረዳል። የማያውቀውም አንባቢ አይጠፋበትም፤ ልጅቷ የሆነ ነገር እያዳመጠች እንደሆነ ያያል።

በበርጩማው ላይም እንዲሁ ነው የሆነው። የልጅቷ አባት በርጩማ ሲሠራ ሦስቱን እግር በሚስማር እንደሚመታ ጽፌ ነበር። የጅማ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ መቀመጫውም እግሩም አንድ አካል ነው። ጠራቢ ዘንድ ሄጄ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ የወሰድኩት እግሩ የሚወጣው በዙሪያው ያለው እንጨት ሲነሳለት መሆኑን ብቻ ነው። አባትየው ያን ሲያደርግ ከልጁ ጋር የማይነጋገረው ነገር አለ፤ ትዕይንቱ ከዚህ ሌላ የፈለገው አልነበረም።

ዋጋን በተመለከተ ሁለት ሽማግሌዎች ተከራከሩብኝ። አንዱ ቡና ያን ዓመት በኪሎ ይህን ያህል ነበር ሲል ሌላው የለም አለ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ቁጥሩን አወጣሁትና "የሸጠችበት ገንዘብ ነጠላውን ገዝታ ለጨው አልተረፋትም" ብዬ ጻፍኩ። አንባቢ ሊያውቅ የሚፈልገው ልጅቷ ደስ ብሏት ተመለሰች ወይስ ከፍቷት የሚለውን ነው።

በቋንቋው ነገር ግን ገና እየታገልኩ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መንደርዋ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሕይወት ቢሆኑ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነት እንዲመስል ብዬ ለሽማግሌዎቹ የተሰባበረ አማርኛ ሰጠኋቸው። ጅሬን የሚኖር አንድ ወጣት አንባቢ ተቆጣኝ፤ ቁጣው ልክ ነበር። "አያቴ ሲናገሩ ሸንጎ ጸጥ ይል ነበር። አንቺ ግን ተንተባታቢ አደረግሻቸው" አለኝ። እውነታን ፍለጋ ብዬ ትልቅ ውሸት ጽፌ ነበር። ሰውየው በቋንቋቸው አንደበተ ርቱዕ ከሆኑ በእኔ ገጽ ላይም አንደበተ ርቱዕ ሊሆኑ ይገባል፤ አማርኛው የእሳቸው ሳይሆን የእኔ መጻፊያ ነው። ሁሉንም መልሼ በጠራ አማርኛ ጻፍኩት። የተውኳቸው ጥቂት የኦሮምኛ ቃላት ሰላምታና ጥሪ ናቸው። እዚያም ላይ ያው ወጣት ያዘኝ፤ ልጅቷ ለሽማግሌው "አካም ቡልቴ" ብላለች። ለእኩያ ነው እንጂ ለሽማግሌ "አካም ቡልተኒ" ነው የሚባለው። በአማርኛ "አንተ" እና "እርስዎ" እንደምንለው። አንዲት የአክብሮት ፊደል ብትጎድል ጨዋዋ ልጄ ባለጌ ሆና ትቀራለች።

በእውነተኛ ታሪክ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የልጅቷ ቅድመ አያት ከዳግማዊ አባ ጅፋር ጋር የተነጋገሩበት ትዕይንት ነበረኝ፤ ንጉሡ አንድ ገጽ ሙሉ ይናገሩ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የገዙ፣ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚጎበኝ ንጉሥ ናቸው። ያላሉትን በአፋቸው ማስገባት አስጨነቀኝ። ስማቸውንም ተሳስቼ ነበር፤ ጅፋር የሚባል ልጅ እንዳላቸው አድርጌ ተርጉሜዋለሁ፤ የፈረስ ስም ነው፤ የፈረሱ የጅፋር ጌታ ማለት ነው። ንግግሩን ከንጉሡ አፍ አንስቼ ለሟቿ አያት ሰጠኋት። እሷ "አባቴ እንዲህ አሉኝ ይል ነበር" እያለች ትተርከዋለች። አያት ስትተርክ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች፤ ይህ ራሱ እውነት ነው፣ የእያንዳንዳችን ቤት እውነት። የፈጠራችሁትን ቃል ለፈጠራችሁት ሰው ስጡ።

ያልተቀበልኳቸው እርማቶችም አሉ። አንድ አንባቢ መንደሯ ካርታ ላይ የለችም አለኝ። የለችም፤ ሆን ብዬ ነው። እውነተኛ መንደር ብወስድ የአባትየው ጥፋት የአንድ እውነተኛ ቤተሰብ ጥፋት ይመስል ነበር። ከሰርቦ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጅረቷ ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚወርደው፤ ገበያዋ ሂርማታ ነው። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ በትክክለኛው ቦታ ላይ ካለ መሐል ላይ አንዲት የፈጠራ መንደር ምቹ ቦታ አላት። ሌላ አንባቢ ደግሞ "በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ለአባቷ እንዲህ ብላ አትመልስም" አለኝ። ይህንን በአክብሮት እምቢ አልኩ። ቡና በኅዳር ስለማያብብ አጎቴ ያለውን እቀበላለሁ፤ ሰው ግን ቡና አይደለም። በየዘመኑ ለአባቷ የመለሰች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እኔም የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ሆኖም እምቢታዬ ብቻውን አልበቃም፤ ከመለሰች በኋላ እናቷ በድንጋጤ ሙቀጫውን አቁማ ስትቀር፣ ዘነዘናው በእጇ ተንጠልጥሎ፣ አንድ መስመር ጨመርኩ። ያ አንባቢ ሁለተኛ አላነሳውም።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን ጥራዝ ለአጎቴ ወሰድኩለት። ደጁ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አነበበ፤ እኔ ከሚስቱ ጋር ውስጥ ነበርኩ። ሲጨርስ ጠራኝ።

"ያቺ በኅዳር ያበበችው ቅርንጫፍ በኋላ ምን ሆነች?" አለኝ።

አልጻፍኩትም ነበር። ረስቻታለሁ አልኩት።

"አበባው ፍሬ ከያዘ መድረሱ አይቀርም እኮ።" ጣቶቹን ዘረጋና መቁጠር ጀመረ፤ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ሁለተኛው እጁ ላይ ሲሻገር እኔም ከእሱ ጋር እቆጥር ነበር። ሰኔ። ሐምሌ። "ሐምሌ መጨረሻ፣ ነሐሴ መጀመሪያ" አለ። "በዝናብ ውስጥ። ማንም ለቃሚ በሌለበት ሰዓት።"

ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት ትዝ አለችኝ። በዚያ ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረመዳን ገባ። ልጅቷ እየጾመች፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አያቷ ዝም ባለችበት ጓሮ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ቀይ እሸት ይጠብቃታል። እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ምዕራፍ ነው የምጽፈው።